ዝናቡ ዘር ሲከለክል፦ ማሳው ጦሙን ቢያድርም ገንዘባችሁን የምታድኑበት ዝርዝር መመሪያ

በእርጥብ ዓመት ብዙ ገበሬ የሚከስረው ባልተዘራው ማሳ ብቻ አይደለም። በመጠበቅም ይከስራል። "ነገ ያባራል" እያለ ሳምንት በሳምንት ላይ ይጨምራል። ከዚያ ይደነግጥና ጭቃ ውስጥ ትራክተር ያስገባል፣ ዘሩን ይጨርሳል፣ ግማሽ ምርት ያገኛል። አበዳሪው ጋ የሚሄደው ደግሞ የመክፈያው ቀን ካለፈ በኋላ ነው። ዝናቡን ማስቆም አይቻልም። ከዝናቡ በኋላ የሚመጡትን ሦስት አራት ስህተቶች ግን ማስቆም ይቻላል፣ እኔም የምጽፈው ስለ እነሱ ነው።

ይህ ዘርና ማዳበሪያ ገዝቶ፣ መሬቱን አዘጋጅቶ፣ ውሃው ማሳ አላስገባ ላለው ሰብል አምራች ነው። መሬቱ ትንሽም ይሁን ትልቅ ደረጃዎቹ አይለወጡም። ቅደም ተከተሉን ግን አትዝለሉ። ብዙ ሰው ቀጥታ ወደ ብድሩ ይሮጣል፤ ስንት እንደሚጎድለው ሳያውቅ ይበደርና ከስድስት ወር በኋላ ተመልሶ ሌላ ይበደራል።

ከመጀመራችሁ በፊት

እነዚህን አንድ ጠረጴዛ ላይ ሰብስቡ፦

- የብድር ውሎች በሙሉ፣ ከዘመድና ከነጋዴ በቃል የተበደራችሁትን ጨምሮ (በወረቀት ጻፉት)
- የኢንሹራንስ ፖሊሲ ካለ፣ ሙሉው ጽሑፍ
- የመሬት ኪራይ ውል
- ምርት አስቀድማችሁ ሸጣችሁ ከሆነ የሽያጭ ውሉ
- የዘር፣ የማዳበሪያ፣ የነዳጅና የኬሚካል ደረሰኞች
- የማሳዎቻችሁ ዝርዝር ከነስፋታቸው

አንድ ቀን ይበቃል። ባለቤታችሁም አብራችሁ ትቀመጥ ወይም ይቀመጥ። የቤቱን ወጪ በትክክል የሚያውቀው ብዙ ጊዜ ማሳ የሚውለው ሰው አይደለም።

ደረጃ 1፦ ማሳዎቹን አንድ በአንድ መዝግቡ

ስልካችሁን ይዛችሁ እያንዳንዱን ማሳ ዙሩ። ከየማሳው ቢያንስ ሁለት ፎቶ አንሱ፤ አንዱ ማሳውን በሙሉ ያሳይ፣ ሌላው ውሃው የተኛበትን ከቅርብ። ዛፍ፣ አጥር ወይም ሌላ የማይንቀሳቀስ ምልክት ፎቶው ውስጥ ይግባ። ስልኩ ቀንና ቦታ እንዲመዘግብ ሴቲንጉን አስቀድማችሁ አስተካክሉ። በየሳምንቱ እዚያው ቦታ ቆማችሁ ድገሙት። ሥራው አሁን ዋጋ ያለው አይመስልም። ከጥቂት ወራት በኋላ ግን ኢንሹራንሱም፣ አከራዩም፣ ባንኩም የሚጠይቋችሁ አንድ ነገር ነው፤ "እውነት መዝራት አይቻልም ነበር?"

ከዚያ ማሳዎቹን በአራት ክፈሉ፦

1. ተዘርቶ በደንብ የበቀለ
2. ተዘርቶ ውሃ የመታው
3. ያልተዘራ፣ ጥቂት ደረቅ ቀናት ካገኘ የሚዘራ
4. ያልተዘራ፣ በዚህ ወቅት የማይደርቅ

ሁለተኛው ላይ አትቸኩሉ። ውሃ የሸፈነው አፈር ውስጥ ያለው ኦክስጅን በ2 ቀን ገደማ ሊያልቅ ይችላል፣ ሥሩም ይታፈናል። ቢጫ የሆነ ቡቃያ ሁሉ ግን የሞተ አይደለም። ናይትሮጅኑ ከሥሩ በታች ታጥቦ ወይም ወደ ጋዝ ተለውጦ ጠፍቶበት ሊሆን ይችላል። ውሃው ከሸሸ በኋላ ከ3 እስከ 5 ቀን ጠብቁ። ከዚያ ጥቂት ቡቃያ ነቅላችሁ ግንዱን ከታች ሰንጥቁት። መሃሉ ነጭና ጠንካራ ከሆነ ሕይወት አለው። ቡናማና ለስላሳ ከሆነ ሞቷል። ከተለያየ ቦታ 1 ካሬ ሜትር እየለካችሁ በሕይወት ያለውን ቁጠሩ። ማሳውን ከመንገድ ዳር ቆሞ አይቶ "ጠፍቷል" ብሎ ማረስ ለሁለተኛ ጊዜ መክሰር ነው።

ደረጃ 2፦ ውሎቹን አንብቡ፣ ቀኑ ሳያልፍ አሳውቁ

ይህ ደረጃ በጣም ቶሎ መሠራት አለበት። ሰው መብት እያለው ገንዘብ የሚያጣው እዚህ ነው።

ኢንሹራንስ

ፖሊሲው ላይ ሦስት መልስ ፈልጉ። አንደኛ፣ የሚሸፍነው የበቀለ ሰብል ሲጎዳ ብቻ ነው ወይስ መዝራት ሳይቻል ሲቀርም? ሁለተኛ፣ የመጨረሻው የመዝሪያ ቀን መቼ ነው፣ ለማሳወቅስ ስንት ሰዓት ተሰጥቷል? ሦስተኛ፣ ካሳ ጠይቄ እዚያው መሬት ላይ ሌላ ሰብል ብዘራ ክፍያው ይቀንሳል ወይ?

ጊዜው ምን ያህል አጭር ሊሆን እንደሚችል ለማየት የአሜሪካን ፌዴራል የሰብል ኢንሹራንስ ውሰዱ። መዝራት ያልቻለ ገበሬ የመጨረሻው የመዝሪያ ቀን ካለፈ በኋላ በ72 ሰዓት ውስጥ ማሳወቅ አለበት። ዘግይቶ ከዘራ ደግሞ ለብዙዎቹ ሰብሎች ሽፋኑ በየቀኑ በ1 በመቶ ይቀንሳል። በ2019 ዝናቡ ሲበረታ እዚያ አገር ከ19 ሚሊዮን ኤከር (1 ኤከር 0.4 ሄክታር ገደማ ነው) በላይ መሬት በዚህ ምክንያት ሳይዘራ እንደቀረ ተመዝግቧል። የእናንተ ፖሊሲ ሌላ ደንብ ይኖረዋል፤ ቀን የሌለው ፖሊሲ ግን የለም ብላችሁ ተነሱ።

ማስጠንቀቂያ፦ በዝናብ መጠን ወይም በሳተላይት መረጃ የሚከፍሉ የኢንዴክስ ኢንሹራንሶች ብዙዎቹ የተሠሩት ለድርቅ ነው። ዝናብ ሲበዛ ምንም ላይከፍሉ ይችላሉ። ሽያጭ ሠራተኛው በቃል የነገራችሁን ትታችሁ ጽሑፉን እዩ። ያልገባችሁን አንቀጽ በጽሑፍ ጠይቁ፣ መልሱንም በጽሑፍ ተቀበሉ።

አስቀድማችሁ የሸጣችሁት ምርት

ያልዘራችሁትን እህል ለማስረከብ ፈርማችሁ ከሆነ ገዢውን ዛሬ ደውሉለት። አካባቢው ሁሉ ካልዘራ ዋጋ ይወጣል፣ ከውሉ የመውጫው ዋጋም አብሮ ይወጣል። የምትጠይቁት ከሦስት አንዱን ነው፤ ማስረከቢያውን ወደሚቀጥለው ወቅት ማዛወር፣ መጠኑን መቀነስ፣ ወይም የዋጋ ልዩነቱን አሁን ከፍሎ መዝጋት። "ከአቅም በላይ የሆነ ችግር" የሚል አንቀጽ ካለ አንብቡት፤ ነገር ግን እሱ ብቻውን ያድነኛል ብላችሁ አትቀመጡ። ውሉ እህሉ ከእናንተ ማሳ መምጣት አለበት ካላለ ገዢው "ከገበያ ገዝተህ አምጣ" ሊል ይችላል። እስከዚያ ድረስ ያልዘራችሁትን ምርት ተጨማሪ አትሽጡ።

አከራይና እርዳታ

አከራዩን ከማሳው አጠገብ አግኙት፣ ውሃውን በዓይኑ ይየው። የኪራይ ቅናሽ እምቢ ቢል እንኳ ክፍያውን በሁለት ወይም በሦስት መክፈልን ብዙ ሰው ይቀበላል። መንግሥት ወይም የገበሬ ማኅበር ድጋፍ ካወጀ ደግሞ የማመልከቻ ቀኑን የቀን መቁጠሪያችሁ ላይ ጻፉ። ገንዘቡ እጃችሁ እስኪገባ ድረስ ግን ገቢ ብላችሁ አትቁጠሩት።

ደረጃ 3፦ የ18 ወር የገንዘብ ሠንጠረዥ ሥሩ

ለምን 18 ወር? የማይዘራ ማሳ ገንዘብ የሚነሳችሁ ዛሬ አይደለም። ዛሬማ ወጪ ስለሚቀር ኪሳችሁ ደህና ሊመስል ይችላል። ጉድለቱ የሚመጣው ምርቱ ተሸጦ ገንዘብ በሚገባበት ወር ነው፣ ምክንያቱም የሚሸጥ የለም። በዚያው ሰሞን ደግሞ የሚቀጥለው ወቅት ዘርና ማዳበሪያ መገዛት አለበት። ከዚያ እስከሚቀጥለው ምርት ያለው ጊዜ ነው አንገት የሚያንቀው። የ12 ወር ሠንጠረዥ ይህን ግማሹን ብቻ ነው የሚያሳየው።

አሠራሩ፦

1. በወረቀት ወይም በኤክሴል 18 ዓምድ አውጡ፣ ለየወሩ አንድ።
2. ከላይ የሚገባውን ጻፉ፤ በጎተራ ያለ እህል፣ ከብት፣ ኪራይ፣ ሌላ ሥራ። እርግጠኛ ያልሆናችሁበትን አትጻፉ።
3. ከታች የሚወጣውን ጻፉ፤ ብድር፣ ኪራይ፣ የዱቤ ዕዳ፣ ነዳጅ፣ ጥገና፣ ደመወዝ፣ ግብር።
4. የቤት ወጪን ለብቻው ጻፉ፤ ምግብ፣ ትምህርት ቤት፣ ሕክምና። አትቀንሱት። ሠንጠረዡ እንዲያምር ብላችሁ የልጆች ትምህርት ቤት ክፍያ ከዘለላችሁ የምትሸወዱት ራሳችሁን ነው።
5. የየወሩን ቀሪ ከሚቀጥለው ጋር እየደመራችሁ ውረዱ።
6. ቀሪው ከዜሮ በታች የሚወርድበትን የመጀመሪያ ወርና ትልቁን ጉድለት በቀይ አክብቡ።

ሁለት ጊዜ ሥሩት። አንዱን "ዘግይቼ ዘራሁ" ብላችሁ፣ ሌላውን "ምንም አልዘራሁም" ብላችሁ። ሁለቱ ቀይ ቁጥሮች የሚቀጥሉትን ደረጃዎች ሁሉ ይመራሉ። ወደ ባንክ ይዛችሁ የምትሄዱትም እነሱን ነው።

ከተሳሳተስ? ቁጥሩ በጣም አስፈሪ ከሆነ መጀመሪያ ድርብ የተጻፈ ዕዳ ፈልጉ፤ በተለይ የዱቤ ማዳበሪያ አንዴ እንደ ግዢ፣ አንዴ እንደ ዕዳ ይገባል። ቁጥሩ ከጠበቃችሁት በላይ ካማረ ደግሞ የተረሳ ወጪ አለ።

ደረጃ 4፦ የመጨረሻ ቀን ቁረጡ

ለያንዳንዱ ያልተዘራ ማሳና ለያንዳንዱ ሰብል፣ ከዚያ ወዲያ የማትዘሩበትን ቀን አሁን ወስኑ። ጭቃው ፊት ቆማችሁ የምትወስኑት ውሳኔ ጥሩ አይሆንም፤ ጎረቤት ሲዘራ ማየት ብቻውን ሰውን ያስነሳል።

ቀኑን ወደ ኋላ በመቁጠር አግኙት። ሰብሉ ሳይጎዳ መድረስ ያለበትን ጊዜ ያዙ፤ ውርጭ ሊሆን ይችላል፣ እርጥበት የሚያልቅበት ወይም ሙቀት የሚበረታበት ሊሆን ይችላል። ከዚያ ዝርያው ለመድረስ የሚፈጅበትን ቀን ቀንሱ። 120 ቀን የሚፈጅ ዝርያ ከሆነ 120 ቀን ወደ ኋላ ቁጠሩ፣ ለመጠባበቂያ 10 ቀን ጨምሩ። እሱ ቀን ካለፈ ያንን ዝርያ እርሱት። ቀጥሎ 90 ቀን የሚፈጀውን አስሉ። ፈጥኖ የሚደርስ ገብስ፣ ሽምብራ ወይም ለመኖ የሚታጨድ ሰብል ሊሆን ይችላል። ከዚያም ካለፈ ማሳው ወደ አራተኛው ክፍል ይግባ።

ሰብል ከመቀየራችሁ በፊት ባለፈው ወቅት እዚያ ማሳ ላይ የተረጨውን የአረም መድኃኒት መለያ አንብቡ። አንዳንዱ አፈር ውስጥ ቆይቶ ለስንዴ ምንም ሳይሆን ጥራጥሬን ይገድላል። መለያው ላይ ከርጭቱ በኋላ ለየሰብሉ ስንት ወር መጠበቅ እንዳለባችሁ ተጽፏል።

አፈሩ ዝግጁ ነው ወይ?

ላዩን አትመኑ። ፀሐይ አንድ ቀን ስትወጣ ላዩ ይነጣል፣ ከሥሩ ግን ሊጥ ነው። ይህን አድርጉ፦

1. ማረሻው ከሚደርስበት ጥልቀት፣ ከ10 እስከ 15 ሴንቲሜትር፣ እፍኝ አፈር አውጡ።
2. በመዳፋችሁ መሃል እያሻሻችሁ እንደ ክር አርዝሙት።
3. 3 ሚሊ ሜትር ያህል ቀጥኖም ካልተሰባበረ ማሳው ገና ነው። ተመለሱ።
4. ገና ሳይቀጥን ከተፈረፈረ መግባት ይቻላል።
5. ከማሳው ቢያንስ ከአምስት ቦታ ሞክሩ፣ ረባዳውን ቦታ ጨምራችሁ።

ይህን ዘልላችሁ ከገባችሁ አፈሩ ይጠቀጠቃል። ከባድ ማሽን ከሥር የጠቀጠቀው አፈር ለዓመታት ሊቆይ ይችላል፣ ውሃ አያሰርግም፣ ሥር አያሳልፍም። የበሬ ኮቴም ጭቃ ላይ አፈር ያበላሻል። የዘንድሮውን ግማሽ ምርት ፍለጋ የሚቀጥሉትን ዓመታት ምርት አትስጡ። ረባዳው ቦታ ብቻ ከሆነ የማይደርቀው፣ እሱን ዙሪያውን ለዩትና የቀረውን ዝሩ። ማሳ በሙሉ መዘራት አለበት ያለ የለም።

ደረጃ 5፦ "ልዝራ ወይስ ልተወው?" የሚለውን በቁጥር መልሱ

ሰዎች እዚህ በጣም ይሳሳታሉ፣ ስለዚህ ቀስ እያልን እንሂድ። ስህተቱ "ይህን ያህል አውጥቼበት እንዴት እተወዋለሁ" የሚለው ነው። ለእርሻው፣ ለማለስለሻው የወጣው ገንዘብ ዘራችሁም አልዘራችሁም አይመለስም። ስለዚህ ከስሌቱ ይውጣ። የሚቆጠረው ከዛሬ ጀምሮ የሚወጣውና የሚገባው ብቻ ነው።

ለ1 ሄክታር እንዲህ አድርጉ። ቁጥሮቹ ለማሳያ ብቻ ናቸው፣ በራሳችሁ ገንዘብና ዋጋ ተኩ።

- እስካሁን የወጣ፦ 300 (አይቆጠርም)
- ከዛሬ ጀምሮ ለመዝራት የሚወጣ፦ ዘር 100፣ ማዳበሪያ 250፣ ርጭት 80፣ አጨዳና ማጓጓዣ 170፣ ድምር 600
- ሳይዘራ ቢቀር ማሳውን ከአረም ለመጠበቅ የሚወጣ፦ 60
- የ1 ቶን ዋጋ፦ 350

ዘግይታችሁ ዘርታችሁ 2 ቶን ካገኛችሁ ገቢው 700 ነው። 600 ሲቀነስ 100 ይተርፋል። ባትዘሩ 60 ይጎድላል። ስለዚህ መዝራት ይሻላል፣ ልዩነቱ 160 ነው። 1 ነጥብ 5 ቶን ብቻ ካገኛችሁ ግን ገቢው 525 ነው፣ 75 ይጎድላል። ሳይዘሩ መቅረቱ በ15 ይሻል ነበር። የመለያያው ነጥብ ከ600 ላይ 60 ቀንሶ ለ350 ማካፈል ነው፤ 1 ነጥብ 54 ቶን ገደማ።

አሁን ጥያቄው ቀላል ሆነ፦ በዚህ ማሳ፣ በዚህ ቀን ተዘርቶ፣ ከ1 ነጥብ 54 ቶን በላይ ይወጣል ወይ? ከዚህ በፊት ዘግይታችሁ የዘራችሁበትን ዓመት ምርት አስታውሱ። የመልካሙን ዓመት ምርት አትውሰዱ። መልሱ "ምናልባት" ከሆነ እኔ ብሆን አልዘራም፤ ምክንያቱም በምናልባት ላይ 600 አውጥቶ ያጣ ሰው ለሚቀጥለው ወቅት መነሻ አይኖረውም።

ሦስት ማስተካከያ አትርሱ፦

- ዘሩና ማዳበሪያው ተገዝቶ መጋዘን ካለ፣ ወጪ ብላችሁ የምትጽፉት የገዛችሁበትን አይደለም። ዛሬ ቢሸጥ ወይም ለሚቀጥለው ወቅት ቢቀመጥ የሚያወጣውን ጻፉ።
- ባለመዝራት የኢንሹራንስ ክፍያ የሚገኝ ከሆነ "ሳይዘራ ቢቀር" በሚለው በኩል ደምሩት። ይህ ብዙ ጊዜ መልሱን ይገለብጣል።
- ዘግይቶ የተዘራ ስንዴና ገብስ ብዙ ስለማያቆጠቁጥ የዘሩ መጠን ከፍ ይላል። የዘሩን ወጪ በዚያ ልክ አስተካክሉ።

ደረጃ 6፦ ያልተጠቀማችሁበትን ዘርና ማዳበሪያ አድኑ

መጀመሪያ ሻጩን ጠይቁ። ያልተከፈተ ከረጢት መልሶ የሚወስድ ወይም ለሚቀጥለው ግዢ የሚይዝ ነጋዴ አለ፣ ግን ዝናብ የነካውን ማንም አይወስድም።

ዘር፦ ደረቅና ቀዝቃዛ ቦታ ይቀመጥ። የዘር ባለሙያዎች የሚጠቀሙበት የቆየ መለኪያ አለ፤ የዘሩ እርጥበት በ1 በመቶ ሲቀንስ፣ ወይም የማከማቻው ሙቀት በ5 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲቀንስ ዕድሜው በእጥፍ ገደማ ይረዝማል። ለመዝራት ስታስቡ 100 ፍሬ እርጥብ ጨርቅ ላይ አብቅሉ። 85 ከበቀለ 85 በመቶ ነው፣ የዘሩን መጠን በዚያ ልክ ጨምሩ። ከግማሽ በታች ከበቀለ ለመዝሪያ አትድከሙበት።

ከባድ ማስጠንቀቂያ፦ በመድኃኒት የታሸ ዘር ለሰውም፣ ለከብትም፣ ለዶሮም አይሰጥም። ታጥቦም አይሆንም። ገንዘብ ሲጠፋ ፈተናው ይመጣል፤ መርዝ ነው፣ ሰው ይገድላል። ለብቻው ቆልፉት፣ ከረጢቱ ላይም በትልቁ ጻፉበት።

ማዳበሪያ፦ ከወለል ከፍ አድርጋችሁ እንጨት ላይ ደርድሩ፣ ከግድግዳ አርቁ፣ ሸፍኑ። ዩሪያ እርጥበት ስቦ ይደድራል። ዩሪያና አሞኒየም ናይትሬት በፍጹም አይደባለቁ፤ አንድ ላይ ሲሆኑ ከአየሩ እርጥበት ስበው ይሟሟሉ። አሞኒየም ናይትሬትን ደግሞ ከነዳጅና ከእሳት አርቁ።

ደረጃ 7፦ አበዳሪው ጋ ቀድማችሁ ሂዱ

ክፍያ ከማለፉ በፊት የመጣ ገበሬና ካለፈ በኋላ የመጣ ገበሬ በአንድ ዓይን አይታዩም። የመጀመሪያው ችግር የገጠመው ደንበኛ ነው። ሁለተኛው የተበላሸ ብድር ነው።

ይዛችሁ ሂዱ፦ ፎቶዎቹን፣ ሁለቱን ሠንጠረዦች፣ ለየማሳው የወሰናችሁትን። "ችግር ላይ ነኝ" ብላችሁ አትጀምሩ። እንዲህ በሉ፤ "ካለኝ መሬት ይህን ያህሉ አልተዘራም። ገንዘቤ የሚጎድለው በዚህ ወር ነው፣ ጉድለቱ ይህን ያህል ነው፣ የምሸፍነው በዚህ ነው። ከእናንተ የምፈልገው ይህን ነው።"

ጥያቄውን በዚህ ቅደም ተከተል አቅርቡ፦

1. የዋናው ብድር ክፍያ እስከሚቀጥለው ምርት ይቆይ፣ ወለዱን ብቻ ልክፈል።
2. ካልሆነ የብድሩ ዘመን ይርዘም፣ የየጊዜው ክፍያ ይቀንስ።
3. ሁለቱም ካልበቁ ለሚቀጥለው ወቅት ዘርና ማዳበሪያ አነስተኛ የሥራ ማስኬጃ ብድር።

ከመፈረማችሁ በፊት አንድ ጥያቄ አትርሱ፤ "በጠቅላላው እስከ መጨረሻው የምከፍለው ስንት ይሆናል?" ሲራዘም ያልተከፈለው ወለድ ዋናው ላይ ተደምሮ ወለድ ሊወልድ ይችላል። የወር ክፍያው ስላነሰ ብቻ ርካሽ አይደለም። የተስማማችሁትን በጽሑፍ ተቀበሉ፤ በስልክ "ችግር የለም" ያለው ሠራተኛ ነገ ሌላ ቅርንጫፍ ሊዛወር ይችላል።

አራጣ አትግቡ። የባንኩን ክፍያ በአራጣ ብር መክፈል አንዱን ዕዳ ዘግቶ የማይዘጋውን መክፈት ነው። መኖሪያ ቤትንም ለአንድ ወቅት ጉድለት አታስይዙ።

የዱቤ ነጋዴዎችንም አትሽሹ። ስልክ ዘግታችሁ ከምትጠፉ ትንሽ ከፍላችሁ ቀን ቁረጡ። ሁሉንም በአንድ ጊዜ መክፈል ካልቻላችሁ ቅድሚያው ይህ ነው፤ ምግብና ጤና፣ ከዚያ መያዣ ያለበት ብድር፣ ከዚያ ለሚቀጥለው ወቅት ግብዓት የሚያቀርብላችሁ ነጋዴ፣ ከዚያ ሌላው።

ደረጃ 8፦ ወጪ ቁረጡ፣ ገቢ ፈልጉ

አዲስ ማሽን፣ አዲስ ግንባታ፣ ሊቆይ የሚችል ጥገና ይቁም። በደንብ ከበቀለው ማሳ ላይ ግን ማዳበሪያና የአረም ቁጥጥር አትቀንሱ። ዘንድሮ ገንዘብ የሚያመጣላችሁ እሱ ብቻ ነው፤ ድንጋጤ ውስጥ ያለ ሰው ግን መጀመሪያ የሚቆርጠው እሱን ነው።

ገቢ በኩል፦ ማሽናችሁን ደረቅ መሬት ላላቸው አከራዩ፣ ማጓጓዣ ሥሩ፣ ማሳው ሲጠነክር ለመኖ የሚሆን ዘርታችሁ ሣሩን ሽጡ። ከቤተሰቡ አንድ ሰው ለጥቂት ወራት ውጭ ቢሠራ ነውር የለውም። በጎተራ ያለውን እህል በአንድ ቀን አትጨርሱ፣ በሠንጠረዡ ቀይ ወሮች ልክ ከፋፍላችሁ ሽጡ። ዋጋ ይወጣል ብላችሁ ግን ለምግብና ለብድር የሚያስፈልገውን አታቆዩ።

ንብረት መሸጥ ካለባችሁ በዓመት ከጥቂት ቀን በላይ የማይሠራውን ሽጡ። ከመሸጣችሁ በፊት በመያዣ አለመያዙን አረጋግጡ። የማረሻና የመዝሪያ መሣሪያ የመጨረሻው ይሁን።

ደረጃ 9፦ ባዶውን ማሳ አትርሱት

ያልተዘራ ማሳ ዝም ብሎ አይቀመጥም። አረም ያፈራል፣ አፈሩ ይታጠባል። ወለሉ ሲጠነክር አጃ፣ ጓያ ወይም ሌላ አፈር የሚሸፍን ነገር ዝሩበት፤ መጀመሪያ ግን ኢንሹራንሱ መፍቀዱን እዩ። አረሙ ዘር ከመጣሉ በፊት እጨዱት። ውሃ የተኛበት ባዶ መሬት ላይ ናይትሮጅን አትበትኑ፣ ገንዘቡ ወደ አየር ነው የሚሄደው። ውሃው የሚቆምበትን ቦታ አሁን በካርታ ላይ ምልክት አድርጉ፤ ሲደርቅ አይታይም። የደፈኑ ቦዮችን ጥረጉ፣ ውሃውን ግን ጎረቤት ማሳ ላይ አትልቀቁ፣ ተነጋገሩ። የተጠቀጠቀ አፈር ካለ ደግሞ ጥልቅ ማረስ የሚቻለው ከሥሩ ሲደርቅ ብቻ ነው። በእርጥቡ ከገባችሁበት ታባብሱታላችሁ።

አንድ ደረጃ ሲበላሽ

ዘርታችሁ ዝናቡ ተመለሰ። ድጋሚ ለመዝራት አትሩጡ። ደረጃ 1 ላይ እንዳለው ጠብቁ፣ ቁጠሩ፣ ፎቶ አንሱ፣ ኢንሹራንሱን አሳውቁ። ከዚያ ደረጃ 5ን በአዲስ ቁጥር ሥሩ። የመጀመሪያው ዘር ወጪ አሁን "እስካሁን የወጣ" ውስጥ ገብቷል፣ አይቆጠርም።

ኢንሹራንሱ አልከፍልም አለ። ምክንያቱን በጽሑፍ ጠይቁ፣ የትኛው አንቀጽ እንደሆነ ይጥቀሱ። የአቤቱታ ጊዜ አለው፣ እሱም ያልፋል። የሳምንት በሳምንት ፎቶዎቹና ያሳወቃችሁበት ቀን ማስረጃ እዚህ ይሠራሉ።

ባንኩ እምቢ አለ። የበላይ ኃላፊ ዘንድ በጽሑፍ አመልክቱ፣ ያንኑ ሠንጠረዥ ለሌላ ባንክ፣ ለቁጠባና ብድር ማኅበር ወይም ለኅብረት ሥራ ማኅበር አቅርቡ። እስከዚያ ትንሽም ቢሆን መክፈላችሁን አታቋርጡ።

ጭቃ ውስጥ ገብታችሁ ማሽኑ ሰመጠ። አቁሙ። ጎማውን እያሽከረከራችሁ አታባብሱት። ሲደርቅ ይወጣል ወይም በሌላ ማሽን ከጠንካራ መሬት ላይ ይጎተታል። በሰንሰለትና በገመድ ሲጎተት ሰው አጠገቡ አይቁም፤ የተበጠሰ ሰንሰለት ይገድላል።

እንቅልፍ ጠፋ፣ ቤት ውስጥ ጭቅጭቅ በዛ። ይህንንም እንደ ሌላው ችግር ጊዜ ስጡት። ቁጥሮቹን ለብቻችሁ አትያዙ። ከባለቤታችሁ ጋር በሳምንት አንድ ቀን፣ በተወሰነ ሰዓት ሠንጠረዡን አብራችሁ እዩ፣ በሌላው ቀን ስለ ዕዳ አታውሩ። መኖር የሚያስጠላ ሐሳብ ከመጣ ግን ጊዜ አትስጡት፤ ያኔውኑ ለምታምኑት ሰው ንገሩ፣ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ሂዱ።

በሚቀጥለውም ወቅት እዚያው ማሳ ውሃ ተኛበት። ያንን ማሳ ከዋናው ሰብል ዕቅድ አውጡት። ኪራይ ከሆነ ውሉን ከማደሳችሁ በፊት የሁለቱን ወቅት ስሌት አከራዩ ፊት አስቀምጡ፤ ዋጋው ይቀነስ ወይም ማሳው ይመለስ። የራሳችሁ ከሆነ ለመኖ ሣር ስጡት፣ ወይም የውሃ ማስወገጃ ለመሥራት ምን እንደሚያስወጣ አስጠይቁና በስንት ምርት እንደሚመለስ አስሉ። የዘሩንና የማዳበሪያውን ግዢም እሱን ማሳ ቀንሳችሁ እዘዙ።